ክብረ ወሰን
ስለ ሞላላ የአውቶሞቢል ሜዳና በዚያ ስለሚሮጡት ሰዎች

ክብረ ወሰን የሚባለው ቃል ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው። ክብር ማለት የታወቀ ነው፤ ወሰንም ማለት ድንበር፣ ዳርቻ፣ ከዚህ አትለፍ የሚል ምልክት ነው። በአገር ልማድም በመጻሕፍት ሕግም ወሰን የሚገፋ ሰው የተወቀሰ ነው፤ አባቶች የተከሉትን የድንበር ድንጋይ በሌሊት ነቅሎ ወደ ጐረቤቱ እርሻ ያሻገረ ሰው በዳኛ ፊት ይረታል፣ በንስሐ አባቱም ፊት ይገሠጻል። በሩጫ ሜዳ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ወሰኑን የገፋው ይሸለማል፣ ያልገፋው ስሙ አይነሣም። ቃሉን ያጋጠሙት ሰዎች ሳያስቡት እንኳ ቢሆን ጥሩ ኅብር ትተዋል። ክብሩ የማን ነው? ወሰኑን የገፋው የሰውየው ነውን፣ ወይስ ሰውየው ካለፈ በኋላ ተተክሎ የሚቀረው የወሰኑ?

ይህ ጥያቄ የቃል ጨዋታ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ ስለዚሁ ነገር ነፍሳቸውን ያሳለፉ ብዙዎች መኖራቸውን ማስታወስ ይገባል። ነገሩም ከሌላ ቦታ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ለአውቶሞቢል እሽቅድምድም በተሠሩት ሞላላ ሜዳዎች ነው። በአገራችን የጉግስ ጨዋታ ፈረሰኛው ፊት ለፊት የሚያየው ባላጋራ አለው፤ መንገደኛም ቢሮጥ የሚደርስበት አገር አለው። በሞላላ ሜዳ የሚሮጥ ሰው ግን ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ የሚቆመው ከተነሣበት መስመር ላይ ነው። ዕቃ አላደረሰም፣ መልእክት አልወሰደም፣ ዘመድ አልጠየቀም፤ በእጁ የቀረው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ነገርን ለሚመረምር ሰው እንዲህ ያለው ሜዳ የተመቸ ነው፤ ሌላው ጥቅም ሁሉ ተራግፎ ክብር የሚባለው ነገር ብቻውን የሚቆምበት ስፍራ ነውና።

ከነዚህ ሜዳዎች የቀደመው ብሩክላንድስ ይባላል። ከሎንዶን በስተደቡብ ምዕራብ በሰሪ አውራጃ፣ ዌይብሪጅ በምትባል ከተማ አጠገብ የሚገኝ ነው። ሂዩ ሎክ ኪንግ የሚባል ባለርስት በገዛ መሬቱ ላይ በገዛ ገንዘቡ አሠርቶ በ1907 ዓ.ም. በሰኔ ወር ተከፈተ (በዚህ ጽሕፈት የተነገረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የሕዝብ መንገድ ላይ አውቶሞቢል በሰዓት ከ20 ማይል፣ ይኸውም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ሕግ ይከለክል ነበርና፣ የአገሩ ሠሪዎች ሞተራቸውን የሚፈትኑበት ስፍራ አጥተው ነበር። የሜዳው ዙሪያ 4.4 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የመንገዱ ስፋት 30 ሜትር፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነበረ። በመታጠፊያው ላይ ወለሉ እንደ ሳሕን ጠርዝ ወደ ውጭ ከፍ እያለ ወደ 9 ሜትር ይደርስ ነበር፤ በፍጥነት የሚዞር ነገር ሁሉ ወደ ውጭ ለመወርወር ያዘነብላልና፣ የተጋደመው ወለል አውቶሞቢሉን ደግፎ ወደ ውስጥ እንዲመልሰው ነው። ሜዳው በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ሴልዊን ኤጅ የተባለ ሰው ቀኑንም ሌሊቱንም 24 ሰዓት ነድቶ 2544 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። ሲጨርስ ከዚያው ከሜዳው አልወጣም ነበር።

በዚሁ ሜዳ በ1913 ዓ.ም. በየካቲት ወር ፐርሲ ላምበርት የሚባል ጐልማሳ፣ ታልቦት በሚባል አውቶሞቢል በአንድ ሰዓት ውስጥ 100 ማይል የፈጸመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የሄደው በልኩ 103 ማይል ከ1470 ያርድ፣ በኪሎ ሜትር 167 ያህል ነው። የመጀመሪያ መሆን የማይሰረቅ ክብር ነው፤ ከእርሱ በኋላ ሺህ ሰው ቢመጣ ፊተኛው እርሱ ብቻ ነው። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ አገር የመጡ ነጂዎች በአንድ ሰዓት ከእርሱ የበለጠ ርቀት ሄዱ። ላምበርትም የተወሰደበትን ቍጥር ለማስመለስ በጥቅምት ወር ወደ ሜዳው ተመለሰ። የኋላ ጎማው ፈንድቶ አውቶሞቢሉ ተገለበጠ፤ እርሱም ሞተ። የታጨችለት ልጅ እንደ ነበረችና ከጋብቻው በፊት ሩጫውን ለመተው ቃል እንደ ሰጣት ይነገራል።

የላምበርትን ነገር የሰማ ሰው ሁሉ የሚያዝነው ስለ ዕድሜው ማጠርና ስለ እጮኛው ነው። ይህም ተገቢ ነው። የበለጠ የሚያሳዝነው ግን ሰውየው በእጁ የነበረውንና ከእጁ የወጣውን መለየት አለመቻሉ ነው። ማንም ሊወስድበት የማይችለውን ይዞ ሳለ፣ በባሕርዩ ሁልጊዜ ሊወሰድ የሚችለውን ፍለጋ ሄደ። አባቶች ውዳሴ ከንቱ ያሉት ደዌ እንዲህ ያለ ነው፤ የሌለውን የሚፈልግ ሰው ደዌ ሳይሆን፣ ያለውን እንደሌለው የሚቈጥር ሰው ደዌ ነው። ይህም ደዌ በአውቶሞቢል ሜዳ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በቅኔ ቤት ለእግዚአብሔር ምስጋና ሲል ሳይሆን ባልንጀራውን ለማሳፈር ሲል የሚቀኝ ተማሪ አለ፤ ትናንት የተደነቀለትን ቅኔ ረስቶ ዛሬ ሌላው የተደነቀበትን እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። ልዩነቱ በቅኔ ቤት ጎማ አለመፈንዳቱ ነው።

ከዚህ ጋራ የጆን ኮብን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። ኮብ በ1935 ዓ.ም. የአውሮፕላን ሞተር በተተከለበት ናፒየር ሬልተን በተባለ አውቶሞቢል የብሩክላንድስን ዙሪያ በሰዓት 143.44 ማይል፣ ማለት 230.8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዞረ። የሜዳው ወለል በዘመን ብዛት ሰጥሞና ተሰነጣጥቆ ስለ ነበረ፣ በወንዙ ድልድይ ላይ ሲያልፍ አራቱም ጎማዎች ከመሬት ይነሡ ነበር። ይህን ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ ያለፈው የለም፤ የሚያልፈውም አይኖርም። ምክንያቱም በ1939 ዓ.ም. ጦርነት በመነሣቱ ሜዳው ተዘጋ፤ ስፍራው ለአውሮፕላን ሥራ ተያዘ፤ በ1946 ዓ.ም. ለአውሮፕላን ሠሪዎቹ ማኅበር ተሸጠ፤ ሩጫም ዳግመኛ አልተደረገበትም። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ወለል የቀረው ቍራጩ ነው፤ በአጠገቡም ቤተ መዘክር ቆሟል። እንግዲህ የኮብን ክብረ ወሰን ዘላለማዊ ያደረገው የኮብ ፍጥነት ሳይሆን የሜዳው መሞት ነው። ባላጋራው ሞቶበት ከችሎት ብቻውን የተመለሰ ሰው ረታ ይባላልን? ኮብ ራሱ ግን በዚህ አላረፈም። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዩታ የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 394 ማይል፣ ይኸውም 634 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በስኮትላንድ በሎክ ነስ ሐይቅ ላይ የውኃውን ክብረ ወሰን ሲሻ ጀልባው ተሰባብሮ ሞተ።

ብሩክላንድስ ከተከፈተ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት በኢንዲያናፖሊስ ከተማ አራት ነጋዴዎች ተማክረው ሌላ ሞላላ ሜዳ አሠሩ። ከአራቱ ዋናው ካርል ፊሸር ይባላል። የሜዳው ዙሪያ 2.5 ማይል፣ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለሉን በመጀመሪያ ያነጠፉት የተከሰከሰ ድንጋይ ከሬንጅ ጋራ ነበር፤ በነሐሴ ወር የመጀመሪያው የአውቶሞቢል ሩጫ ሲደረግ ግን ወለሉ በጎማው እየተቦጨቀ ይበተን ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ዊልያም ቡርክ የተባለው ነጂና ከጐኑ ተቀምጦ የነበረው መካኒኩ ሃሪ ሆልኮም ሞቱ። በሦስተኛው ቀን ክሎድ ኬለም የተባለ ሌላ መካኒክና ከተመልካቾች ሁለት ሰዎች ሞቱ። በሦስት ቀን አምስት ነፍስ ማለት ነው። ሩጫው ሳይፈጸም ቆመ። ባለቤቶቹም በዚያው ዓመት መጸው 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ የሚያህል ጡብ አስነጠፉበት። በ1961 ዓ.ም. ከመነሻው መስመር ላይ አንድ ያርድ ብቻ ሲቀር ጡቡ ሁሉ በአስፋልት ተሸፈነ፤ ያ የአንድ ያርድ ጡብ እስከ ዛሬ ይታያል፤ አሸናፊዎችም ተንበርክከው ይስሙታል። ጡቡ ለምን እንደ ተነጠፈ ከሚስሙት መካከል ስንቱ እንደሚያስታውስ ይጠየቅ ይሆናል።

በ1911 ዓ.ም. ግንቦት 30 ቀን በፈረንጆቹ ወር፣ የ500 ማይል ሩጫ በዚህ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። አርባ አውቶሞቢሎች ተሰለፉ፤ ሜዳውን ሁለት መቶ ጊዜ መዞር ነበረባቸው። ያሸነፈው ሬይ ሃሩን ነው፤ በ6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ፈጸመ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 74.6 ማይል፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ሌሎቹ ነጂዎች ከኋላ የሚመጣውን አይቶ የሚነግራቸው መካኒክ ከጐናቸው ሲያስቀምጡ፣ ሃሩን ብቻውን ተቀመጠ፤ ተቃዋሚዎቹም ይህ ለሌላው ሰው አደገኛ ነው ብለው በከሰሱት ጊዜ ከፊቱ መስታወት ሰቅሎ የኋላውን አየበት። ይህን ዘዴ ቀድሞ በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ላይ አይቶት እንደ ነበረ ተናግሯል። በዚያው ቀን ሳም ዲክሰን የተባለው መካኒክ ከሌላ አውቶሞቢል ላይ ተወርውሮ ሞተ። በኋላም መካኒክ ይዞ መሮጥ በሁለት ዘመን ግዴታ ሆኖ እስከ 1937 ዓ.ም. ቆየ።

የመካኒኩ ነገር ከነጂው ነገር ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ነጂው መሪውን የያዘ ነው፤ ቢፈጥንም ቢዘገይም በፈቃዱ ነው። መካኒኩ ግን ዘይት እየገፋ፣ ጎማ እያየ፣ የሌላውን ፈቃድ ተከትሎ በዚያው ሞት ውስጥ ይጓዛል። ቢያሸንፉ ስሙ በሁለተኛ ይጠራል፣ ወይም አይጠራም። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሸናፊ የሚሰጠው ትልቅ የብር ዋንጫ የነጂዎቹ ፊት ተቀርጾበታል፤ በዚያና በቀጣዩ ዓመት መካኒክ ከነጂው ጋራ ይቀመጥ እንደ ነበረ ዋንጫውን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ክብረ ወሰን የአንድ ሰው ስም የሚጻፍበት መዝገብ ነው፤ አደጋው ግን የሁለት ሰው ነበር። ስለ ገዛ ክብሩ የገዛ ነፍሱን የሚያስይዝ ሰው ለፈጣሪው መልስ አለበት፤ የሌላውን ነፍስ የሚያስይዝ ግን ከዚያ በላይ ለሟቹ እናትም መልስ አለበት።

በ1912 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከቍጥር የወጣ ነገር ነው። ራልፍ ዴፓልማ፣ ትውልዱ ከኢጣልያ የሆነ ነጂ፣ ከሁለት መቶው ዙር 196ቱን መሪ ሆኖ ሄደ። ሊፈጽም ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው የመርሴዲስ ሞተሩ ተሰበረ። ዴፓልማና መካኒኩ ሩፐርት ጄፍኪንስ ወርደው ከባዱን አውቶሞቢል በእጃቸው እየገፉ ወደ መስመሩ አመጡት፤ ተመልካቹም ጮኸላቸው። በሕጉ ግን ይህ ሁሉ አይቈጠርም። ጆ ዶውሰን ከሁለት መቶው ዙር የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ መርቶ አሸናፊ ተባለ። በዶውሰን ማዘን አይገባም፤ በሕግ ያገኘው ነው። ነገር ግን ያን ቀን ያዩ ሰዎች ለልጆቻቸው የተረኩት አውቶሞቢል ስለ ገፉት ሁለት ሰዎች ነው። በሞላላው ሜዳ ታሪክ ውስጥ ነጂና መካኒክ እኩል ጐን ለጐን የታዩበት ሰዓት ይህ ነው፤ ፍጥነታቸውም የእግረኛ ነበረ። ዴፓልማ በ1915 ዓ.ም. ተመልሶ አሸነፈ፤ ቢሆንም ስሙ ሲነሣ የሚታወሰው ያሸነፈበት ዓመት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ እያደገ ሄደ፤ ሞቱም አልቀረም። ቢል ቩኮቪች በ1953ና በ1954 ዓ.ም. አሸንፎ በ1955 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ እየመራ ሳለ ሞተ፤ ሩጫው ግን አልቆመም፤ ሌላ ሰው አሸነፈ። የልጅ ልጁም በ1990 ዓ.ም. በሌላ ሜዳ ሞተ። በ1964 ዓ.ም. ኤዲ ሳክስና ዴቭ ማክዶናልድ በአንድ እሳት ሲሞቱ ሩጫው ቆመ፤ ቆይቶ ግን እንደ ገና ተጀምሮ ተፈጸመ። በ1996 ዓ.ም. የሆነው ግን ስለ ክብረ ወሰን ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በዚያ ዓመት አሪ ሉየንዳይክ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ሜዳውን በ38 ሰከንድ ገደማ፣ በሰዓት 237.498 ማይል ወይም 382 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዞረ። በመጀመሪያው የምርጫ ቀን የነዳው አውቶሞቢል ከተወሰነው ክብደት ጥቂት ስለ ጐደለ ተሰርዞበት ነበርና፣ ይህን ያደረገው በሁለተኛው ቀን ነው፤ በደንቡም መሠረት ከሁሉ ፈጥኖ ሳለ የተሰለፈው በሃያኛ ስፍራ ነበር። በመጀመሪያው ስፍራ እንዲሰለፍ የተመረጠው ስኮት ብሬይተን ነው። እርሱም ሩጫው ሳይደርስ በልምምድ ላይ ጎማው አየር አጥቶ ከግንብ ጋራ ተጋጭቶ ሞተ። ፈጣኑ ከኋላ፣ የቀደመው በመቃብር፤ በአንድ ወር ውስጥ።

የሉየንዳይክም ቍጥር እስካሁን አልተገፋም። ምክንያቱ ግን የሰው ችሎታ ማነስ አይደለም። የሩጫው አስተዳዳሪዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተሩን ኃይል በደንብ ስለ ቀነሱት ነው። በብሩክላንድስ ወሰኑን የጠበቀው የሜዳው ሞት ነው፤ በኢንዲያናፖሊስ የጠበቀው የሕግ ልጓም ነው። ሁለቱም ቍጥሮች የቆሙት ያቆሟቸው ሰዎች ብርታት ስላቆያቸው አይደለም። እንግዲህ ክብሩ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሜዳው የሚገኘው መልስ የሚያጽናና አይደለም፤ ክብሩ የወሰኑ ነው፤ ወሰኑም በሌሎች እጅ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ክርክር አለ። ከነዚህ ሜዳዎች ለዓለም የሚበጅ ነገር ወጥቷል፤ መስታወቱ፣ የተሻለው ጎማ፣ የበረታው ፍሬን ዛሬ ሐኪሙንም ካህኑንም ወደ ሥራው የሚያደርሱ ናቸው ይላሉ። ይህ ክርክር በከፊል እውነት አለው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ፍሬው መልካም ስለ ሆነ ብቻ ሐሳቡ መልካም ነበር ማለት አይቻልም። ዮሴፍን ወንድሞቹ ሸጡት፤ ከዚያም ግብጽ ከረኃብ ዳነች፤ ወንድሞቹ ግን የሸጡት ግብጽን ለማዳን አልነበረም። ላምበርትም በጥቅምት ወር ወደ ሲሚንቶው የተመለሰው ጎማ ሠሪዎች ትምህርት እንዲያገኙ አልነበረም። ሌሎች ደግሞ ድፍረቱን ያመሰግናሉ። ድፍረት ግን ከምን በኩል እንደ ቆመ ሳይታይ አይመዘንም፤ ሞትን መናቅ ብቻውን ምግባር ቢሆን ወንበዴም ጻድቅ በሆነ ነበር። እሳት ውስጥ ገብቶ ሕፃን የሚያወጣና እሳት ውስጥ ዘልዬ መውጣት እችላለሁ ብሎ የሚወራረድ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቃጠሎ ቢቃጠሉ እንኳ አንድ አይደሉም። ያም ሆኖ በ38 ሰከንድ ውስጥ አራት መታጠፊያ የሚያልፍ ሰው የእጁና የዓይኑ መስማማት፣ የልቡ ጸጥታ፣ ከፈጣሪ የተሰጠ ጥበብ ነው፤ ይህን መካድ ንፍገት ይሆናል። ነቀፌታው በጥበቡ ላይ ሳይሆን ጥበቡ በተሸጠበት ዋጋ ላይ ነው።

ገዢ ከሌለ ደግሞ ሻጭ የለም። በቍስጥንጥንያ ከተማ ሞላላ የፈረስ ሠረገላ ሜዳ ነበረ። ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደሰው ዮሐንስ አፈወርቅ በዚያች ከተማ ሊቀ ጳጳሳት ሳለ፣ በ399 ዓ.ም. በዓርብ ቀን ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ሠረገላው ሩጫ ስለ ሄደ በብርቱ ቃል ገሠጸው። በዚያው ዘመን ባደረገው በሌላ ስብከት ሊያገባ ተዘጋጅቶ ሳለ በሠረገሎች መካከል ተረግጦ የሞተ አንድ ጐልማሳ አንሥቷል። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ፖርፊርዮስ ለተባለ ሠረገላ ነጂ በዚያው ሜዳ ሐውልት ቆመለት፤ የሐውልቶቹ መሠረት ድንጋይ ዛሬም በኢስታንቡል ቤተ መዘክር ይታያል። የጐልማሳው ስም ግን የለም። ሊቁ ተግሣጹን ያወረደው ከነጂዎቹ ይልቅ በተመልካቹ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ሜዳውን የሚያቆመው የተመልካቹ ዓይንና ገንዘብ ነውና። በ1955 ዓ.ም. የቩኮቪች ጢስ ሳይጠፋ ሩጫው ሲቀጥል ወንበሩን ትቶ የወጣ ስንት ነበር? ጉግስ ለማየት በጥምቀት ሜዳ የሚቆም ሰውም ፈረሰኛው ሲወድቅ በልቡ የሚሰማው ኀዘን ብቻ እንደ ሆነ ራሱን ቢጠይቅ ጥያቄው የባዕድ አይሆንበትም።

በ2002 ዓ.ም. በኢንዲያናፖሊስ መታጠፊያዎች ላይ አዲስ ዓይነት ግንብ ተተከለ። ያሰቡት የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ናቸው። ከሲሚንቶው ግንብ ፊት የብረት ቧንቧዎች ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም ለስላሳ ነገር ይገባል፤ አውቶሞቢል ሲመታው ጥቂት አፈግፍጎ የምቱን ኃይል ይከፍለዋል። ከዚያ ወዲህ በሌሎችም የአሜሪካ ሞላላ ሜዳዎች ተተክሏል፤ ወድቀው ይሞቱ የነበሩ ነጂዎች ከዚህ ግንብ ጋራ ተጋጭተው በእግራቸው ሲሄዱ ታይተዋል። በ2021 ዓ.ም. ኤሊዮ ካስትሮኔቬስ አምስት መቶውን ማይል በአማካይ በሰዓት 190.69 ማይል፣ 307 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጽሞ ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ እስከዚያ ቀን ከተደረገው ሁሉ የፈጠነ ነው። ፊቱም ለአራተኛ ጊዜ በብሩ ዋንጫ ላይ ተቀረጸ። የመሐንዲሶቹ ፊት በዋንጫው ላይ የለም፤ የሆልኮም፣ የኬለምና የዲክሰንም የለም።